አቶ አሎንዞ ፔቲፎርድ ለሰኞ ያቆዩት ቃል

አቶ አሎንዞ ፔቲፎርድ ከአባታቸው ከፀጉር አስተካካዩ ከአቶ ሆሴዕ ፔቲፎርድ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዶርቃ ሊንዚ በኦሃዮ ግዛት በዚንያ ከተማ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1879 ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዚያው ከተማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከትምህርት ሲመለሱ በአባታቸው ሱቅ በርጩማ ላይ ቆመው ለደንበኞች ጋዜጣ ያነቡ ነበር።

ስምንት ዓመት ሲሆናቸው በትንሣኤ ዕለት በቤተ ክርስቲያን ባለ አራት መስመር ግጥም እንዲያቀርቡ ተመረጡ። ሦስተኛውን መስመር እንደጨረሱ ቀጣዩ ጠፋባቸው። ምእመናኑም በልማዳችን መሠረት «አይዞህ፣ ቀስ በል ልጄ» እያሉ ጠበቋቸው። አራተኛውን መስመር ሲያገኙት ድምፃቸው እስከ መጨረሻው ወንበር ተሰማ። አቶ አሎንዞ ተዋናይ የሆኑት ያን ዕለት እንደሆነ፣ ያደረጓቸውም እነዚያ የጠበቋቸው ሰዎች እንደሆኑ ዕድሜ ልካቸውን ይናገሩ ነበር።

በ1898 ከአንድ ተዘዋዋሪ የትርኢት ቡድን ጋር ከዚንያ ወጡ። በዚያ ዘመን ጥቁር ተዋናይ የሚፈለገው ለማሳቅ ነበር። አቶ አሎንዞም ጥቁር ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ ጥላሸት ይበልጥ አጥቁረው፣ መንፈስ አየሁ ብሎ የሚሮጥ አሽከር ሆነው ሦስት ዓመት ሮጡ። ሩጫውን አሳምረው ይሮጡት ነበር። በ1901 ቡድኑ ዴይተን ሲደርስ እናታቸው በባቡር መጥተው ተመለከቱ። ትርኢቱ እንዳለቀ ከመድረኩ ጀርባ ገብተው መሐረባቸውን አርጥበው ሰጧቸው። «ይኼን ጥረግና እስቲ ልጄን ልየው» አሉ። አልተቆጡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአቶ አሎንዞ ምኞት አንድ ሆነ፤ በገዛ ፊታቸውና በገዛ ድምፃቸው መድረክ ላይ ቆመው፣ እንደ አንድ ሙሉ ሰው መናገር።

በ1906 የቡድኑን አልባሳት ይሰፉ የነበሩትን ወይዘሪት ሉቪኒያ ጋርላንድን አገቡ። ወይዘሮ ሉቪኒያ ለምን እንዳገቧቸው ሲጠየቁ፣ ትርኢት ሲያልቅ ልብሱን መሬት ላይ የማይጥል ተዋናይ እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ነው ይላሉ። ሴት ልጃቸውን ኮሪንን እና ወንድ ልጃቸውን ታዲየስን ወለዱ።

በ1913 ቤተሰቡ ቺካጎ ገባ። አቶ አሎንዞ በአላሜዳ ቴአትር ቤት ጥቁር ተዋንያን ለራሳቸው ሕዝብ ቁም ነገር በሚጫወቱበት ቡድን ተቀጠሩ። በየሳምንቱ ሰኞ አዲስ ተውኔት ይከፈት ስለነበር ሐኪም፣ ዳኛ፣ የመርከብ አዛዥ፣ ሁለት ጊዜም ንጉሥ ሆኑ። ባለቤታቸው፣ ሰኞ ከየትኛው ባል ጋር እንደሚኖሩ እስከ እሑድ ድረስ አያውቁም ነበርና በዚህ ይቀልዱባቸው ነበር። ጥላሸቱ ቀርቷል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሰው ነበሩ። ተውኔቱን የሚዘጋው ቃል የሌላ ሰው ነበር። እናታቸው ወይዘሮ ዶርቃም ልጃቸው ያለ ጥላሸት ሲጫወቱ ሳያዩ በ1911 አርፈው ነበር።

በ1918 መምህር ኤሊሻ ቦይድ ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው ያዘጋጁት ተውኔት መጣ፤ ዋናውም ሰው አቶ አሎንዞ ሆኑ። የሚጫወቱትም ጆኤል ቴት የሚባል፣ በመሬት ተጣልቶ ያባረራቸውን ልጆቹን ለዓመታት የሚጠብቅ ገበሬ ነበር። በመጨረሻ ልጆቹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ። አባት አንዲት መስመር ይናገራል፤ መጋረጃው ይወርዳል።

በመድረክ ሰዎች ዘንድ የተውኔት መዝጊያ ቃል በልምምድ ጊዜ አይነገርም። ያለ ተመልካች ከተነገረ ሥራው አይሰምርም ይባላል። ለእያንዳንዱ ተዋናይ የሚሰጠው የራሱ ንግግር ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ስለሆነም፣ ያችን ቃል ከመምህር ቦይድ በቀር የሚያውቁት አቶ አሎንዞ ብቻ ነበሩ። በልምምድ እዚያ ሲደርሱ በቃሏ ፋንታ እጃቸውን አንዴ ያጨበጭቡ ነበር። መጋረጃ አውራጁ ሚስተር ክላይቦርን ቃሏን ሳይሰማ በልኩ ማውረድ እንደቸገረው ነግሯቸው፣ አንዴ ብቻ እንዲሏት ለመናቸው። «ሰኞ ትሰማታለህ» አሉት።

ሰኞ ኦክቶበር 21 ነበር። ነገር ግን ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ ቺካጎን ቀደም ብሎ ያዛት፤ በዚያው ሳምንት ቴአትር ቤቶች ሁሉ በትእዛዝ ተዘጉ። መምህር ቦይድ በበሽታው ሞቱ፤ የቤት አከራያቸውም በሽታውን ፈርተው የተውኔቱን ጽሑፍ ከነወረቀታቸው ሁሉ ከአልጋ ልብሳቸው ጋር አቃጠሉት። በሮቹ ሲከፈቱ ቡድኑ ተበትኖ አላሜዳ የፊልም ማሳያ ሆኖ ነበር።

አቶ አሎንዞ ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት በባቡር ጣቢያ ሻንጣ ተሸካሚ ሆነው ሠሩ። ዛሬ በተሰበሰብንባት በዚህችም ቤተ ክርስቲያን የትንሣኤን ግጥም ለልጆች ያስጠኑ ነበር። ከጆኤል ቴት የቀረችው ያች አንዲት ወረቀት በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ነበረች፤ የመጨረሻዋ መስመር በጥቁር ጨርቅ ተሸፍና በሁለት መርፌ ቁልፍ ተይዛ። ኮሪን በአሥራ አንድ ዓመቷ ቁልፉን ስትፈታ ተያዘች። አባቷ አልቀጧትም፤ ለአንድ ሰው የተነገረች እንደሆነ ልምምድ እንጂ ትርኢት እንደማትሆን አስረዷት። ወይዘሮ ሉቪኒያ ግን በዚህ አልረኩም።

«እኔ ሚስትህ ነኝ ወይስ ሕዝብ?»

«ሚስቴ ነሽ። ብቻሽን ግን አዳራሽ አትሞይም።»

ስለዚህ ቤተሰቡ በግምት ኖረ። ታዲየስ እርግማን ናት ይል ነበር፤ ኮሪን ይቅርታ፤ እናታቸው ደግሞ ጸሎት። በ1929 ፓስተራችን በቤተ ክርስቲያኗ በዓል ላይ እንዲያቀርቧት ሲጠይቋቸው አቶ አሎንዞ ልጆቹን የተጫወቱትን ተዋንያን በየከተማው ፈለጉ፤ አንዳቸውም አልተገኙም። ልጆች በሩ ላይ ካልቆሙ የሚነገር ነገር እንደሌለ ገልጸው ይቅርታ ጠየቁ።

በኖቬምበር 1937 ድንገተኛ ሕመም ቀኝ ጎናቸውንና ንግግራቸውን ወሰደባቸው። ሐኪሙ ድምፃቸው እንደማይመለስ በተናገረ ማግስት፣ በግራ እጃቸው መጽሐፍ ቅዱሱን አመለከቱ። ወይዘሮ ሉቪኒያ ወረቀቷን አውጥተው ሰጧቸው። በአንድ እጅ ቁልፍ መፍታት ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ ባለቤታቸውም ሳይረዷቸው ጠበቁ። ጨርቁ ሲነሳ ወይዘሮ ሉቪኒያ በልባቸው አነበቡ፤ ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ለቅሶ ዞረ። «ሃያ ዓመት ያስጨነቅኸን በዚህች ነው?» አሏቸው። እሳቸውም በግማሽ ፊታቸው ሳቁ። ወይዘሮ ሉቪኒያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሊያነቡላቸው ሲሉ ግን አቶ አሎንዞ ጣታቸውን በባለቤታቸው ከንፈር ላይ አደረጉ። ቀጥለው እጃቸውን ዘርግተው ብዙ ሰው፣ ብዙ ወንበር አሳዩአቸው። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሉቪኒያ ምን እንደታዘዙ ገባቸው።

አቶ አሎንዞ ፔቲፎርድ ረቡዕ ኤፕሪል 13 ቀን 1938 ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። በትናንቱ ትንሣኤ ግጥም ያቀረቡት አሥራ አራት ልጆች እሳቸው ያስጠኗቸው፣ ከታመሙ በኋላም በዐይናቸው ያረሟቸው ናቸው። ከኋላቸው የሠላሳ ሁለት ዓመት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሉቪኒያ፣ ልጆቻቸው ኮሪንና ታዲየስ እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆች ቀርተዋል። ከታች ባለው አዳራሽ ዶሮውን፣ ጎመኑንና የስኳር ድንቹን ኬክ ላዘጋጁት የቤተ ክርስቲያኗ እናቶች ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ፊታቸውን ጥላሸት ሳይጋርደው የሚያውቃቸው አምላክ ነፍሳቸውን ከእናታቸው ጎን ያሳርፍልን።

ይህ ጽሑፍ ለእርማት በቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተነቧል፤ የመጨረሻዋ መስመር ግን አልተነበበችም። ዛሬ ሰኞ ነው፤ አዳራሹም ሞልቷል። አንባቢው እዚህ ላይ ያቆማል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ወይዘሮ ሉቪኒያም ተነሥተው ወደ እነርሱ ዞረው ያችን መስመር ይናገራሉ። ድምፃቸው ቢዘገይ በልማዳችን መሠረት ጠብቋቸው።

«ግቡ እንጂ ልጆች። ወንበር ሳቡ፤ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ እንብላ።»