በስምሽ ይቅር አላልኩም

ውድ ትጊ፣

እንደምን ከርመሽልኛል የኔ መነኩሲት? ገና መሐላሽን ሳትገቢ «ሲስተር» እያልኩ ሰፈሩን እንደማሰለች ታውቂያለሽ። ምን ላድርግ፣ ሌላ የምኮራበት ነገር የለኝም፤ ላሟም ነጥፋለች።

ስልክ እንደማያስይዟችሁ፣ ደብዳቤም ቢሆን መጀመሪያ አለቆቻችሁ እንደሚከፍቱት ነግረሽኛል። ስለዚህ ይህን ፖስታ የከፈቱት እናት፣ ጤና ይስጥልኝ። ጽሕፈቴ ስለሚያስቸግር መነጽርዎን ያድርጉ፤ ሲጨርሱም ለልጅ ልጄ ይስጡልኝ። የሚደበቅ ነገር የለበትም። መደበቁ ነው ለዚህ ያበቃን።

ትጊ፣ እናትሽ ልትጠይቅሽ አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ «ተውኩት በይልኝ፤ ክሴን አነሳለሁ፣ ማኅበሩ ሰላም ይሁን» ብለሽ የላክሽብኝ ደርሶኛል። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን የዛሬ ሳምንት እሑድ እዚህ ወናጎ ቤታችን የሆነውን ልንገርሽ። ስላንቺ ያለ አንቺ ሲወራ ነው የዋለው፤ ቢያንስ ወሬው ይድረስሽ።

ከቅዳሴ ተመልሼ ቡናዬን ማድረቂያው አልጋ ላይ እያገላበጥኩ ነበር። አንድ መኪና ደጃችን ቆመ። የዲላው ገዳማችሁ አለቃ ሲስተር አክሱማዊት ወረዱ። ከአዲስ አበባ የመጡ የዚያ ካህን የአባ ሠረቀብርሃን ማኅበር አለቃ ተከተሉ። በመጨረሻ ማን ቢወርድ ጥሩ ነው? የኔው ጓደኛ ፈለቀ፣ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ።

ሣሩን ሳይ ነገሩ ገባኝ። በእኛ በኩል ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ደጅሽ ከቆመ፣ በዳይሽን ይቅር በዪ ሊልሽ ነው። እሺ እስክትዪ ድረስም ቤትሽ እህል አይቀምስም። የከብት ነገር፣ የድንበር ነገር፣ የጎረቤት ጠብ በዚህ ሲበርድ ኖሯል። እኔ ራሴ ይዤ የዞርኩት ሣር ቢከማች ላማችንን በጋውን በሙሉ ያቆያት ነበር።

«ምነው ፈለቀ፣ ለላሟ አስበህ ነው?» አልኩት።

«ቀልዱን ተው ፊሊጶስ። ለትልቅ ጉዳይ ነው የመጣነው።»

«ትልቅማ ነው። ግቡ።»

እናትሽ ቆጮ በጎመን አቀረበች፤ ቅቤውን አልሰሰተችም። ማንም እጁን አልዘረጋም። አለቃው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ።

«አባታችን፣ የሆነው ነገር ሁላችንንም አሳዝኖናል። አባ ሠረቀብርሃንም ተጸጽቷል። እርስዎ የቤቱ አባት ነዎት። አንዲት ቃል ይቅርታ ቢናገሩ ነገሩ እዚሁ ያበቃል፣ ልጅቷም በሰላም መሐላዋን ትገባለች።»

ልብ በይ፣ «የሆነው ነገር» ነው ያሉት። በረዶ የዘነበ ይመስል።

«የሆነውማ» አልኳቸው፣ «ካህናችሁ የመዝሙር ደብተሮች ያሉበት ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቶ ልጄን በግድ ማቀፉ፣ ስትጮህም አፏን በእጁ ማፈኑ ነው። ተሳስቼ ይሆን?»

አለቃው መሬት መሬት አዩ።

«እሱ ራሱስ የታለ?»

«ትንሽ አሞት ነው።»

«ዛሬ ጠዋት ዲላ ቀድሷል ሲሉ ሰማሁ። ከቅዳሴ በኋላ የሚነሳ በሽታ ነው?»

ፈለቀ ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነከሰ።

«ልጅቷስ?»

«ለእረፍት አዲስ አበባ ናት» አሉ ሲስተር አክሱማዊት፣ ቀስ ብለው።

«ታዲያ እኔን ማን ነካኝና ነው ይቅር የምለው? በዳይ የለ፣ ተበዳይ የለ። ያለነው እኛና ቆጮው ነን።»

እናትሽ ከጓዳ ብቅ አለችና «የወለድኳትን እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» ብላ ተመልሳ ገባች። እኔ ይህን ሁሉ ከለፈለፍኩት የሷ አንዲት ቃል በለጠች።

ያን ጊዜ ፈለቀ ተነሥቶ ሣሩን ዘረጋልኝ። እውነቱን ልንገርሽ ትጊ፣ እጄ ሊቀበል ነበር። የቤተ ክርስቲያናችንን ጭቃ አብረን ያቦካን ሰዎች ነን። ሴት አያትሽን ስንቀብር እንዳልወድቅ ደግፎ የያዘኝ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፊትሽ ቆሞ ሲለምንሽ እንቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቂኝ። ደግሞ አንቺም ተውኩት ብለሻል። ከእኔ የምትጠበቀው አንዲት ቃል ናት። ግን አሰብኩት። ያ ሰው አፍሽን የያዘው በእጁ ነው፤ እኔ በስምሽ «ይቅር ብያለሁ» ብል፣ ሁለተኛ አፍሽን የያዝኩት እኔ ነኝ።

እሺም ማለት አቃተኝ፣ ጓደኛዬን እንቢ ማለትም አቃተኝ። ምን አደረግሁ መሰለሽ? መብላት ጀመርኩ። «እናንተ ብትጾሙ የኔ ሆድ ምን አጠፋ?» ብዬ ቆጮዬን በጎመን እየጠቀለልኩ፣ ቅቤው በጣቶቼ መሐል እየወረደ፣ እያጣጣምኩ በላሁ። ፈለቀን መቼም ታውቂዋለሽ። የእናትሽን እጅ ሲያይ አይችልም። መጀመሪያ ሣሩን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረ። ትንሽ ቆየና «ለመቅመስ ያህል» ብሎ ቆረሰ።

አለቃው ፊታቸው በራ። «እግዚአብሔር ይመስገን! ታረቃችሁ ማለት ነው?»

«የለም አባ» አለ ፈለቀ፣ አፉን እንደሞላ። «ሽማግሌ ከበላ ልመናው ፈረሰ። ሰውየው እንቢ ብሏል፣ እንቢ ማለቱም ትክክል ነው። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ እኮ።» ሣሩን አግዳሚው ሥር ጣለውና በደንብ ተጠግቶ በላ።

ከዚህ በኋላ ነው ሲስተር አክሱማዊት የተናገሩት። «አባባ፣ ትጊን ከዲላ ያዛወርኳት እኔ ነኝ። ልጠብቃት ብዬ ነው።»

«ጠይቀዋት ነበር?»

«አልጠየቅኳትም።»

«ሲስተር፣ እሷ አልጋዋን ለቀቀች፤ እሱ መንበሩን አልለቀቀም። ታዲያ የጠበቁት ማንን ነው?»

ኮስተር ያሉ ሴት መሆናቸውን ታውቂያለሽ፤ ዓይናቸው እንባ ሲሞላ ቀልዴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ከዚያ ወደ አለቃው ዞሩ። «የቤተ ክርስቲያናችን መመሪያ ክስ ሲመጣ ሰውየው ከአገልግሎት ይታገድ፣ ለጳጳሱ ወዲያው ይነገር፣ ተበዳይም ወደ ሕግ እንዳትሄድ አትከልከል ይላል። እርስዎም እኔም ሥልጠናውን አብረን ወስደናል። ታገሺ አሉኝ፣ ታገስኩ። ከዛሬ ወዲያ ግን አልታገስም።»

«ሲስተር፣ የቤተ ክርስቲያን ስም እኮ…»

«ስሟን ያጠፋችው ልጅቷ አይደለችም፣ አባ።»

በማግስቱ ራሳቸው ጳጳሱ ዘንድ ሄዱ። አባ ሠረቀብርሃን ጉዳዩ እስኪጣራ እንዳይቀድስ ታግዷል። ዲላ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችን ጉዳይ የምትይዝ መርማሪም አለች፤ ቃልሽን ልትቀበል ዝግጁ ናት። ጳጳሱ የሚልኳቸው ሰዎችም ካንቺው አፍ መስማት ይፈልጋሉ።

ሁሉም ሰው ደስ አለው ብዬ አልዋሽሽም። «ሽማግሌው ቤተ ክርስቲያንን ከሰሰ» ይባላል። ዛሬ ቅዳሴ ላይ አግዳሚዬ ላይ የሚቀመጥ ጠፍቶ እግሬን ዘርግቼ አስቀደስኩ። ጴንጤ ጎረቤቶቻችን ይህን ሰምተው «ወደ እኛ ይምጡ አባባ» አሉኝ። «መዝሙራችሁ ይረዝማል፣ ጉልበቴ አይችልም» አልኳቸው። እምነቴን የሰጠኝ ሠረቀብርሃን አይደለም፤ እንዲወስድብኝም አልፈቅድለትም። ደግሞ ወንጌል ሲነበብ ፈለቀ እያነከሰ መጥቶ አጠገቤ ዘጭ አለ። ከዚያ ወዲያ እግር መዘርጋት ቀረ።

አሁን ወደ መልሴ ልምጣ። ተውኩት ያልሽው ደክሞሽ ከሆነ ይገባኛል። ፈርተሽም ከሆነ ይገባኛል። ለኔ ክብር ወይም ለማኅበሩ ሰላም ብለሽ ከሆነ ግን፣ ሁለቱም ያለ አንቺ ዝምታ መቆም ካቃታቸው ይውደቁ።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ትንሽ ልጅ ሳለሽ ጫማሽን ደብቄ አላወጣም ስልሽ፣ ባዶ እግርሽን ሽማግሌዎቹ ወደተሰበሰቡበት ዛፍ ሥር ሄደሽ «አያቴ ሌባ ነው» ብለሽ ከሰስሽኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተንበርክኬ ጫማሽን አጠለቅሁልሽ። የዚያን ቀን ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ አንቺማ አገጭሽን ቀና አድርገሽ ነበር ወደ ቤት የተመለስሽው። ያቺን ልጅ አውቃታለሁ። አሁንም ዝም ብትል አልቀየማትም፣ ብትናገርም አይገርመኝም።

መሐላሽን ብትገቢ እልልታውን የማስጀምረው እኔ ነኝ። ትተሽ ብትመጪም ቤትሽ ነው፤ ላሟ ብቻ ትታዘብሽ ይሆናል። ይቅር ማለትም አለማለትም ያንቺ ነው። በስምሽ ይቅር እንዳላልኩ ሁሉ በስምሽም አልከስም።

የመርማሪዋ ቀጠሮ የሚመጣው ወር የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። የአውቶቡሱን ነገር ሲስተር አክሱማዊት ይጨርሱልሻል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ዲላ መናኸሪያ እገኛለሁ። ከወረድሽ አብረን እንሄዳለን፤ አንቺ ትገቢያለሽ፣ እኔ ከበሩ ውጭ እቀመጣለሁ። ካልወረድሽም መንገደኛውን ስለክፍ ውዬ ወደ ወናጎ እመለሳለሁ። «ለምን ቀረች?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ግን ከእኔ ምንም አያገኝም። እሷን ጠይቋት እለዋለሁ።

ወናጎ
የሚወድሽ፣ ቢያረጅም ልብ ያልገዛው አያትሽ
ፊሊጶስ