አርባ ደቂቃ ያቆመችን መኪና

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ ሃይልኣብ፣

እንዴት ከርመሃል? የጁባ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ስህን ወገቧን ተሻላት? ትንሹ ክርስቲያን ጥርስ አበቀለ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ማክሰኞ በስልክ «ሁላችንም ደህና ነን፣ አባባ ተኝተው ነው» ያልኩህ ግን ውሸት ነበር። እማማ በሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም ብላ ከለከለችኝ። ስለዚህ ወደ እናንተ ለሚመጣው ለጎረቤታችን ለሂርጳ ይህን ወረቀት እሰጠዋለሁ።

ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ምሳ በልተን እንደጨረስን፣ አባባ ከወንበራቸው ሊነሱ ሲሉ ቀኝ ጎናቸው ከድቷቸው ወደቁ። አፋቸው ተጣመመ፣ ምላሳቸው ተያዘ። ተሸክመን መኪናቸው ውስጥ አስገባናቸው፤ መኪና በር ላይ ቆሞ ታክሲ መጥራት የማንም ሐሳብ አልነበረም። ቁልፉን ሳዞረው ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይነሳም። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ።

የጌጃ ሰፈርን ሰው ታውቀዋለህ፤ ወዲያው ተሰብስቦ ሁሉም መካኒክ ሆነ። አንዱ ባትሪ ነው ይላል፣ አንዱ ነዳጅ አልቋል ይላል። ከጋራዥ ሮጦ የመጣው ቦጂያ ካንዴላውን ፈትቶ አየና ቤንዚን እየደረሰ አይደለም አለ። እስከ ቅያሱ ድረስ ገፋናት፤ እምቢ አለች። አባባ ከኋላ ሆነው በግራ እጃቸው የሾፌሩን ወንበር ይደበድባሉ፣ ወደ ታች ያመለክታሉ። እማማ ጎንበስ ብላ ስትፈልግ የጸበል ጠርሙሳቸውን አገኘች። ጸበል ፈልገው ነው ብላ ፊታቸውን ረጨቻቸው፣ ሞተሩንም ረጨችው። አባባ አለቀሱ። ሲያለቅሱ አይቼ ስለማላውቅ ሊሞቱ ነው አልኩ በልቤ።

በመጨረሻ ምንጣፉን ገልጬ ሳይ ከወንበሩ ሥር አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች። የጎረቤት መኪና ከተሰረቀ ወዲህ ቤንዚን የሚቆርጥ ማብሪያ አስገጥመው ለማንም ሳይተነፍሱ ኖረዋል። ለካ መኪናዋን ሲያውሱኝ ሁልጊዜ ራሳቸው አስነስተው የሚያስረክቡኝ ለዚህ ኖሯል፤ እኔ ስለማያምኑኝ ይመስለኝ ነበር። ማብሪያዋን ስጫናት መኪናዋ ወዲያው ተነሳች። አርባ ደቂቃ ግን አልፏል።

አሁን የሚያስፈራኝን ለአንተ ብቻ ልንገርህ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ ከታመሙ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው ስትጠይቀኝ፣ መኪና እያለን ዘገየን ማለት አሳፈረኝና «ሩብ ሰዓት ቢሆነው ነው» አልኳት። እሷም ጻፈችው። ትናንት አንዲት ነርስ ለሌላ አስታማሚ፣ የዚህ በሽታ ሕክምና የሚወሰነው ሰዓቱ ታይቶ ነው ስትል ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም። የሰጧቸው መድኃኒት በእኔ ውሸት ተመዝኖ ቢሆንስ እላለሁ። እማማ አታውቅም። ይህን ለሂርጳ ሰጥቼ በቀጥታ የምሄደው ወደ ሐኪሟ ነው። እፈራለሁ፤ ቢሆንም እነግራታለሁ።

ስህንን በጣም ሰላም በልልኝ። ክርስቲያንን እማማ ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ ብላለች። ቦጂያም ሰላም ብሎሃል። አባባ በአፋቸው ሰላምታ መላክ ስላልቻሉ፣ ለአንተ የምጽፈው መሆኑን ስነግራቸው ወረቀቱን በግራ እጃቸው ጨብጠው አልለቅ አሉኝ። ጥጉ የተጨማደደው ለዚያ ነው።

ታናሽ ወንድምህ ሕያብ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የሚካኤል ዕለት