«ማስታገሻ ብቻ ነው» ላሉት የመድኃኒት ቤታችን ባለቤት

ለተከበሩ የካዛንቺስ መድኃኒት ቤታችን ባለቤት፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም ጨጓራዎና ኩላሊትዎ፣ አይጓደልብዎት እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ ከእናቴ ከወይዘሮ ሎሚ በቀር ደህና ነን። እሷ ሆስፒታል ተኝታ ደም እየተሰጣት ነው። የምጽፍልዎ ለማመስገን ስለሆነ እባክዎ አይደንግጡ።

አንደኛ፣ እናቴ ጉልበቷን አሟት እያነከሰች ደጅዎ በመጣች ጊዜ በጥያቄ ስላላደከሟት አመሰግናለሁ። ሌላ ባለሙያ ቢሆን ዕድሜዋን፣ ግፊቷን፣ የምትውጠውን ሌላ ኪኒን እየጠየቀ ያቆማት ነበር። እርስዎ ግን «ማስታገሻ ብቻ ነው እማማ፣ አይጎዳዎትም» ብለው ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ኪኒን በትንሽ ፖስታ አስያዟት። ማስጠንቀቂያው የተጻፈበት ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ እርስዎ ዘንድ ቀርቷል፤ መቼም ለዓይኗ አዝነው ነው።

ሁለተኛ፣ ፖስታው ላይ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ብለው ባማረ የእጅ ጽሑፍ ስለጻፉላት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጊዜው ግን ሁዳዴ ነበር። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ የምትቀምሰውም በቀን አንዴ ነው። ታዛዥ ስለሆነች፣ ምግቡ አንዴ ከሆነ ኪኒኑም አንዴ ነው ብላ ሦስቱንም በየቀኑ ከምሳዋ በኋላ አብራ ስትውጥ ሰነበተች። እርስዎም አብረውን ስለሚጾሙ በዚያ ሰሞን ቁርስ የሚባል ነገር እንደሌለ አይጠፋዎትም ብዬ አስብ ነበር። ፋሲካ ሳይደርስ ደም አስታወካት።

ሦስተኛ፣ ስላስተማሯት ቃልም አመሰግናለሁ። ሐኪሟ እናቴ የምትወስደውን መድኃኒት ደጋግማ ብትጠይቃት፣ ከግፊቱ ኪኒን በቀር ምንም የለም አለች። ጉልበቷ በምን እንደተሻላት ስትጠየቅ ነው፣ ነገሩ እንደ ቀልድ ሆኖባት፣ «እሱማ መድኃኒት አይደለም፤ ማስታገሻ ብቻ ነው» ያለችው። ቃሉን ያስተማሯት እርስዎ ነዎት። ጨጓራዋ ቆስሎ ደምቷል፣ ኩላሊቷም ተጎድቷል፤ ይድን እንደሆነ ሐኪሞቹም ገና አላወቁም። ጌታዬ፣ ጨንቆኛል። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ስለዚህ እጅ ነስቼ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ነገ ሌላዋ እናት ጉልበቴን ብላ ስትመጣ፣ እባክዎ ትንሽ በጥያቄ ያሰልቿት።

ለሰጡን አገልግሎት ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
እስከ ሰሞኑ ድረስ ታማኝ ደንበኛዎ የነበርኩት፣
ፍሰሃ ደጋጋ

ሳልረሳው፦ እናቴ ምርቃቷን ልካልዎታለች። «ያ ደግ ልጅ፣ ስሙን እንዳታነሳበት» ስላለችኝ ስምዎን ትቼዋለሁ። ድንገት ሊጠይቁ ቢያስቡ ደግሞ መልሱ ይኸው፦ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ግፊት አለባት፤ ጾመኛ ናት።