ሦስተኛው ባልዲ

ማክሰኞ፣ ጥር 9 ቀን

አንድዬ ልጄ፣ ደህና ነህ ወይ? ጤናዬ ደህና ነው፤ ውስጤን ግን አትጠይቀኝ።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርህ። ግንባረ ነጯ አሳማችን አሥራ ሦስት ወለደች! አንድ ቀጫጫ የለባቸውም፣ ሁሉም ድቡልቡል ናቸው። ባለፉት ሦስት ዙሮች አራት አምስት ስትወልድ፣ እነሱም ሳምንት ሳይሞላቸው ሲያልቁ ታስታውሳለህ።

የከብት ሐኪሟ መጥታ «ምን አብልተሻት ነው?» አለችኝ። ምንም አዲስ ነገር የለም፤ ግልገሎቿን ጡት ካስጣለች ጀምሮ ለወንዱ እስክትቀርብ፣ ለሁለት ሳምንት ሦስተኛ ባልዲ መኖ እንጨምራለን፤ ድሮም ደንባችን ነው አልኳት። «በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ከተራበች የምትፀንሰው ያንሳል፣ የሚወለደውም ይኮሰምናል። በፊት ማን ነበር የሚቀልባት?» አለች። ከመሄድህ በፊት ሦስተኛውን ባልዲ የምትሰጠው አንተ ነበርክ።

በማግስቱ ከድሮው የውሃ ታንከር ጀርባ አሥራ አንድ ጆንያ የሻገተ መኖ አገኘሁ። አፋቸው የታሰረው በአንተ በግራኙ ቋጠሮ ነው። እኔ እናትህ ያንን ቋጠሮ አጣዋለሁ? የጫማህን ክር ስፈታ አይደል እንዴ ያደግኸው!

እርባታው ከወደቀ እንድሄድ ትለቀኛለች ብለህ ነው አይደል? እሱስ ይሁን። ግን ጋሼን፣ ሃያ ዓመት አሳማዎቹን የጠበቁትን ሰውዬ፣ «መኖ ሰርቀው አስራቡብኝ» ብዬ ሳባርራቸው አጠገቤ ቆመህ ነበር። «አይዞሽ እማ» አልከኝ እኮ! ጉድ ነው መቼም። አንጀቴን ያሳረረው ይሄ ነው፤ ከድተኸኛል።

ትናንት ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ለካ ያውቁ ኖሯል! ጆንያውን ስትሸሽግ በዓይናቸው አይተውሃል። «ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?» ብላቸው፣ «ብነግርሽ ልጁን አትለቂውም ነበር፤ የሱ ልብ ደግሞ ሸፍቷል» አሉኝ። እሄዳለሁ ብትለኝ ኖሮ እኮ እያለቀስኩም ቢሆን እሸኝህ ነበር! እንዲህ ጨካኝ መስዬህ ነው የኖርኩት?

ከሰኞ ጀምሮ ሥራቸው ላይ ይመለሳሉ። ለእኔ አትጻፍልኝ፣ ለጊዜው ላይህ አልፈልግም። ለእሳቸው ጻፍ፤ ይቅርታውንም እሳቸውን ጠይቅ። ከደጃቸው ስወጣ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጁ እዚያ በደንብ ይበላል?» አሉኝ።

እስቲ ይህንንም ጻፍላቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነኝ።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይጋርድህ።

እናትህ