በጤና ይልበሱት

መስከረም ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ

ለክቡር ፊታውራሪ መሸሻ
የእድራችን ዳኛ፣ የምንኖርባቸው ቤቶች ባለቤት፣ ካለፈው እሑድ ጀምሮ ደግሞ የቁጠባ መምህራችን
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ የገባው አዲስ ዓመት ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተ ሰብዎ የደስታ እንዲሆንልዎ፣ ጤናዎም እንደ ቤት ኪራይዎ ከዓመት ወደ ዓመት ብቻ እየጨመረ እንዲሄድ ከልብ እመኛለሁ። እኔና ቤተ ሰቤ ምክርዎን በሥራ ላይ ለማዋል ከምንደክመው ድካም በቀር ደኅና ነን።

እኔ ዩሱፍ ልብስ ሰፊው ነኝ። በስሜ ካላስታወሱኝ፣ ባለፈው እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው በእርስዎ ትእዛዝ ተነሥቶ የሦስት ወር መዋጮ ያልከፈሉ ሰዎችን ስም ሲያነብ ሁለተኛ የተጠራሁት ሰው ነኝ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ዞር ብለው ሲያዩኝ እርስዎም ከፊት ወንበር ላይ ሆነው በሐዘን ራስዎን ሲነቀንቁልኝ አይቻለሁ። በዚያች ሰዓት የለበሱትን ጥቁር ሱፍ ኮት የሰፋሁት እኔ ነኝ። ዋጋውም እስካሁን አልተከፈለኝም። ይህን የማነሣው ለወቀሳ እንዳይመስልዎ፤ በብዙ ሰው መካከል እንዲለዩኝ ያህል ነው።

ከስም ንባቡ በኋላ ያደረጉልን ንግግር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ቀኝ እጅዎን ከፍ አድርገው፣ ድሃን ድሃ ያደረገው ወጪውን አለማወቁ እንደ ሆነ፣ በአዲሱ ዓመት እያንዳንዱ አባወራ ቤተ ሰቡን ሰብስቦ የማያስፈልገውን ወጪ እንዲቆርጥ፣ ያለበትንም ዕዳ ከመስቀል በፊት እንዲከፍል አጥብቀው መከሩን። እጅዎን ባነሡ ቁጥር ልቤ ተንጠልጥላ ነበር። በንግግሩ ተነክቼ ነው ብለው ቢያስቡ ደስ ይለኛል፤ ትክክለኛውን ምክንያት ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

እንግዲህ እኔም ታዛዥ የእድር አባል እንደ መሆኔ በዚያው ዕለት ቤተ ሰቤን ሰብስቤ ምክርዎን በዝርዝር አስረዳሁ። የደረስንበትንም ውጤት ምክሩን የሰጠው ሰው ሊያውቀው ይገባል በማለት እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስኳር። ባለቤቴ ዙቤዳ ስኳር ከዚህ ቤት ቀርቷል ብላ ከመስከረም ሰባት ጀምሮ ሻያችንን ባዶውን እንጠጣለን። የመጀመሪያውን ጠዋት ሁላችንም ፊታችንን አኮማትረን ስንጎነጨው ላየን ሰው ቤቱ በሙሉ በሽታ ገብቶበት መድኃኒት የምንወስድ ነበር የምንመስለው። ስለዚህ ምክርዎ ባለቤቴ የላከችልዎ ምስጋና አለ። ቃል በቃል ለመጻፍ ግን ወረቀቱ አይችለውም።

፪ኛ/ ራዲዮ። የባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅ ሌላ አልተካንለትም። ራዲዮኑ ሁልጊዜ ሁሉም ነገር ደኅና እንደ ሆነ ስለሚነግረን ብዙም አልጎደለብንም።

፫ኛ/ አውቶቡስ። መርካቶ ጨርቅ ለማምጣት የምሄደው በእግሬ ሆኗል። ስሄድ ባዶ እጄን፣ ስመለስ በጭቃው ውስጥ ጨርቅ ተሸክሜ ነው። ሳምንት ሳይሞላ የጫማዬ ሶል ተገነጠለና ለጫማ ሰፊው የከፈልሁት ከአውቶቡሱ በለጠ። ቁጠባዬ ጎረቤቴን ጫማ ሰፊውን እየጠቀመው ስለ ሆነ እርሱም በዚህ አጋጣሚ ያመሰግንዎታል።

፬ኛ/ የቤት ኪራይ። ከወጪያችን ሁሉ ትልቁ ይህ ነውና እዚህ ላይ አንድ ነገር መቁረጥ ይቻላል ብለን ተስፋ አድርገን ነበር። ሆኖም ከንግግርዎ ማግስት ሰኞ ጠዋት የቤትዎ ተቆጣጣሪ አቶ ዳኛቸው መጥተው፣ ክረምቱን ሙሉ ጣሪያው ሲያፈስብን በከረመው ቤት ላይ ሁለት ብር መጨመሩን አበሠሩን። እኔም በትሕትና፣ ክቡርነትዎ የኮቱንና የሌላውን ልብስ ዋጋ ዘጠና አራት ብር ስላልከፈሉኝ ኪራዩ ከዚያ ላይ እየታሰበ እንዲቀነስልኝ ጠየቅሁ። አቶ ዳኛቸው በአባታዊ ትዕግሥት፣ ኪራይ ሌላ ልብስ ሌላ መሆኑን፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው የሰፋሁለትን ልብስ ለብሶ መታየቱም ለእኔ ትልቅ ክብር እንደ ሆነ አስረዱኝ። ስለዚህ ለካ ሳላውቀው ስከፈል ኖሬያለሁ! በማግስቱ ይህንኑ ክብር ይዤ ጨርቅ በዱቤ የሚሰጠኝ የመርካቶው ነጋዴ ሰይፈዲን ዘንድ ሄድሁ። ሰይፈዲን ጥሩ ሰው ነው፤ ሻይ አዘዘልኝ፤ ክብሩን ግን አልተቀበለኝም።

፭ኛ/ ዕዳ። በዚህ ረገድ ምክርዎን ለመፈጸም የቀረኝ ጥቂት ነው፤ ከእድሩ ሦስት ብር በቀር የማንም ዕዳ የለብኝም፤ የሰይፈዲን ብቻ። የሰይፈዲንም ዕዳ ለእርስዎ ኮትና ሱሪ፣ ለፋሲካም ለሁለቱ ወንዶች ልጆችዎ ለሰፋሁት ልብስ የገዛሁት ጨርቅ ነው። እርሱም ከበላዩ አስመጪው ስለሚጠይቀው ረመዳን እስኪገባ ብቻ ታግሦኛል። ረመዳን ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል። ጾሙ በዚህ ሰዓት መምጣቱ የምሳ ወጪያችንን ስለሚቆርጥልን ከክቡርነትዎ ምክር ጋር በጣም የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል።

እዚህ ላይ ገንዘቤን ለምን በጊዜው እንዳልጠየቅሁዎ ሕዝቡ ሊያውቅልኝ ይገባል። እኔ ሙያውን ከአባቴ ስማር አብሬ የተማርሁት አንድ ልማድ አለ። ደንበኛ ከፍሎ እስኪጨርስ ድረስ "በጤና ይልበሱት" አይባልም። ምርቃቱ ከአፍ ከወጣ በኋላ ዋጋ መጠየቅ ምርቃትን መሸጥ ነውና ነውር ነው። ይህን ልማድ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠብቄ ኖሬያለሁ። በጳጉሜን እርስዎ ለልክ ወደ ሱቄ ገብተው፣ ኮቱን ደርበው፣ በመስተዋቱ ፊት ወዲያና ወዲህ ዞረው፣ እንደ ልጅ ፈገግ አሉ። ውጪ መኪናዎ ጡሩምባ ይነፋል። "ይኸው አማረ አይደል!" ሲሉኝ፣ እኔ ሞኙ የሰው ደስታ ደስ ብሎኝ፣ አፌ አምልጦኝ "በጤና ይልበሱት፣ ጌታዬ" አልሁ። እርስዎም "አሜን" ብለው እንደ ለበሱት ወጡ። አንድ ነገር ልነግርዎ ከኋላዎ ብጣራም መኪናው ሄዷል። እንግዲህ ዘጠና አራት ብሬን ያሰረብኝ የራሴ ምርቃት ነው፤ በዚህ በኩል የእርስዎ ጥፋት "አሜን" ማለትዎ ብቻ ነው።

፮ኛ/ አልፊያ። ይህን ቁጥር ባልጻፍሁት እወድ ነበር።

አልፊያ ልጄ ናት። ሰባተኛ ክፍልን ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታ ጨረሰች፤ ዘንድሮ ስምንተኛ ገብታ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። በመንግሥቱ ትምህርት ቤት ቦታ ስላላገኘን የምትማረው በወር ስድስት ብር እየከፈልን ነው። እንደ ምክርዎ ተሰብስበን እያንዳንዳችን የምንተወውን ስንናገር፣ እናቷ ስኳሩን፣ እኔ አውቶቡሱንና ራዲዮኑን ካልን በኋላ ተራዋ ደረሰና፣ "እኔ ትምህርቱ ይቅርብኝ። ብሩ ለጋሽ ሰይፈዲን ይሁን፤ እኔም ሱቅ እየዋልሁ ቁልፍ እተክልልሃለሁ፣ አባ" አለች። አላለቀሰችም። እንደ ስኳሩ፣ እንደ ባትሪው፣ ራሷን ከማያስፈልገው ወጪ ጋር ቆጠረች። ዙቤዳ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ ልጄን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ክቡር ሆይ፤ እኔ በስብሰባው ላይ ስሜ ሲነበብ አፍሬ ነበር። ያን ጊዜ ግን ማፈር ምን እንደ ሆነ ገና አላወቅሁም ነበር። ከእሑድ ወዲህ የምቀምሰው እህል አይጥመኝም፤ ልጅ በገዛ አባቷ ቤት ስብሰባ ራሷን ከወጪ ስትቆርጥ እንደ ማየት የሚከብድ ነገር አላየሁም። የትምህርት ቤቱ ምዝገባ መስከረም ሃያ ቀን ያበቃል። ከዚያ በኋላ ብሩ ቢገኝ እንኳ ወንበሩ ለሌላ ልጅ ይሰጣል። እስካሁን "እሺ" አላልኳትም፤ "አይሆንም" ለማለትም ኪሴ አልፈቀደልኝም።

ልመና እንደማይወዱ አውቃለሁና አልለምንዎትም። የማቀርበው የቁጠባ አሳብ ነው። ክቡርነትዎ ዘጠና አራት ብር ቢያወጡ፣ ሰይፈዲን ዕዳውን ያገኛል፣ የሰይፈዲን አስመጪ የራሱን ያገኛል፣ እድራችን ሦስት ብሩን ያገኛል፣ አልፊያም ወንበሯን ታገኛለች። በአንድ ሰው ወጪ ይህን ያህል ዕዳ የሚዘጋበት ሌላ መንገድ በኮልፌ አላገኘሁም። በሚመጣው ስብሰባ ይህን አሳብ እንደ ራስዎ አድርገው ቢያቀርቡት ቅር አይለኝም።

ይህ ደብዳቤ በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ ሊቆጡ ይችሉ ይሆናል። ነገር ግን የሰውን ዕዳ በሕዝብ ፊት ማንበብ ለሰውየው እንደሚጠቅም ያስተማሩን እርስዎ ራስዎ ነዎትና፣ ተማሪዎ ትምህርቱን ስለያዘ እንደሚደሰቱ አልጠራጠርም። በዚህ ምክንያት አቶ ዳኛቸው ቤት ልቀቅ የሚል ትእዛዝ ይዘው ከመጡም፣ የኪራዩን ወጪ በሙሉ ቆረጥሁ ማለት ነውና ምክርዎን ከማንም አባል ይልቅ የፈጸምሁ እኔ እሆናለሁ።

ለሰጡን ትምህርት፣ ላለበሱኝ ክብርና ለነቀነቁልኝ ራስ ወሰን የሌለው ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ ከደጅዎ ሥር የምገኝ፣ በኪራይዎ የተጨመርሁ፣ በመዋጮዬ የጎደልሁ ታዛዥ ተከራይዎና ልብስ ሰፊዎ፤

ዩሱፍ

ግልባጭ፦
ለእድሩ አባላት በሙሉ
ለሰይፈዲን፣ ክብሩን ላልተቀበለኝ

ድኅረ ጽሑፍ፤

ማመልከቻ ጸሐፊው ለዚህ ደብዳቤ ሁለት ብር ስለጠየቀኝ ይህንንም ወጪ ቆረጥሁትና እኔ እየተናገርሁ አልፊያ ጻፈችው። የፊደሏን ማማር ይመልከቱልኝ። በስድስት ብር የሚገኘው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

"ታዛዥ ተከራይዎ" እስካልሁት ድረስ ጽፋ ስታበቃ ግን ብዕሯን አስቀምጣ፣ አንድ ነገር ካልጨመርህ ደብዳቤው አያልቅም አለችኝ። እኔ ልተወው ያሰብሁት ነገር ነው። ከሱቄ ለብሰውት የወጡት ኮት አልተሰፋም፣ ክቡር ሆይ። ለልክ በረጅም ነጭ ክር ብቻ የተያዘ ነው፤ የቀኝ እጅጌው አንድ ጊዜ እንኳ የስፌት መኪና አልነካውም። ከኋላዎ የተጣራሁት ይህን ልነግርዎ ነበር፤ እሑድም እጅዎን ባነሡ ቁጥር ልቤ የተንጠለጠለችው በዚያው ክር ነው። ለደመራ ሲወጡ ችቦ አንሥተው እጅዎን ከፍ ቢያደርጉ እጅጌው በሕዝብ ፊት ተገንጥሎ ይወርዳል። እስከዚያ ቢልኩልኝ በግማሽ ቀን እጨርሰዋለሁ፤ ምርቃቱን ግን በዱቤ አልደግምም።

አልፊያ፣ "አባ፣ ሰው ፊት መዋረድ እንዴት እንደሚያም እኛ እናውቀዋለን፤ ይነገራቸው" ብላ ነው ያስጨመረችኝ። በእኔ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ እኔ እንደ እርሷ አልተማርሁም።