የሚጾመው ድስት

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

ዛሬ ከጤና ኬላው ወጥቼ ወደ ጉና፣ ጥሩዬ ቤት ሄድኩ። የልጇን ክንድ ስለካው መለኪያው የመክሳት ምልክት የሆነው ቢጫው ላይ ቆመ። ከቅበላ በፊት አረንጓዴ ነበር። አልታመመም፤ ጡትም ይጠባል። ዶሮዎቹ ደጅ ላይ ይጭራሉ፤ እንቁላሉ ለፋሲካ ተብሎ በቅርጫት ተቀምጧል። ታዲያ ልጁን ምን አከሳው?

«እንቁላል አትሰጭውም?» አልኳት።

«በሁዳዴ?»

«ሕፃን ይጾማል እንዴ?»

ሳቀች። «ኧረ እሱስ አይጾምም፤ የሚጾመው ድስቱ ነው! ያለኝ አንድ ድስት ነው። እንቁላል ከተቀቀለበት የእኛን ወጥ በምን ልሥራ?»

ስለ እንቁላል ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ ስለ ድስት ግን ማንንም ጠይቄ አላውቅም። «ለእሱ ትንሽ ድስት ለብቻው ብታደርጊለትስ?» አልኳት። አሰብ አደረገችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ያንችዋ ልጅ ድስት ለብቻዋ አላት?»

መለኪያዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተሰናበትኳት። መንገዱን ሙሉ ጾሙ ከገባ ወዲህ ልጄ የበላችውን ሳስብ መጣሁ፦ ሽሮ፣ ድንች፣ ደግሞ ሽሮ። ቤት ገብቼ መደርደሪያውን አየሁት። ሁለት ድስት አለኝ፤ ሁለቱም የጾም ናቸው።

መለኪያውን ከቦርሳዬ አወጣሁና ልጄን ጠራኋት።