የዘለልኩብሽ መስመር

ሃዳ ታደሰ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ገባ። በዚህ ስም ከጠራሁሽ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ልጃችን ሲወለድ እንደ አገራችን እንደ ደዶ ሰው ወግ ሃዳ ታደሰ፣ የታደሰ እናት፣ ማለት ጀመርኩ፤ ከእሱ ጋር የተቆራረጥኩ ቀን ተውኩት። ከዚያ በኋላ ዘነቡ ብቻ ሆንሽ። ለምን ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ብትጠይቂም አልመልስልሽም ነበር።

ቤቱ ቆሟል። የጓሮው አጥር ወድቆ በቆርቆሮ ዘጋሁት። ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ ስለተቆፈረ ባጃጅ እስከ በራችን አይመጣም፤ በእግሬ እሄዳለሁ። የሰፈራችን የጊንጆ ሴቶች ከቀብርሽ በኋላ ምግብ ያመጡልኝ ነበር፤ አልተቸገርኩም ብዬ መለስኩባቸው፤ አሁን አያመጡም። ነጠላሽ ከበሩ ጀርባ አንቺ በሰቀልሽበት ምስማር ላይ ነው።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ቤቱ አይደለም። ታደሰ የኖረበትን ከተማ አይቼ መጣሁ።

አዎ፣ እኔ። የትምህርት ጓደኛው ቤታችን ድረስ መጥቶ ባረዳን ቀን፣ መሬት ላይ ተቀምጠሽ መቃብሩን እንኳ ልየው፣ ውሰደኝ ብለሽ የለመንሽኝ እኔ። አልሄድም አልኩ፤ አንቺንም አልላክሁሽም። አንቺ ካረፍሽ በኋላ ሴት ልጁ ዳና ቁጥሬን ከዚያው ጓደኛው ወስዳ ደወለች። እናቷ ቀድማ ሞታለች፤ ብቻዋን ናት። ና እንተያይ አለች። ጉልበቴ ሳይከዳኝ ብዬ ተነሣሁ።

ከተማው ናልቺክ ይባላል፤ ሩሲያ ውስጥ፣ በካውካሰስ ተራሮች ግርጌ ነው። ታደሰ በመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎቹ እንደ ጅማ አረንጓዴ ነው ብሎ ሲጽፍ፣ ለመቅረት ሰበብ እያዘጋጀ ነው ብዬሽ ነበር። አልዋሸም። ከመኻል ከተማው እስከ ተራራው ድረስ ዛፍ ነው። ከዛፉ በላይ ጥቁር አረንጓዴ ኮረብታ፣ ከኮረብታው በላይ ነጭ በረዶ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የቡና መፈልፈያ ማሽን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና ዓይኔ ወደ ዛፉ ሥር ሄደ። ያ ሁሉ ጥላ፣ ከሥሩ አንድ እግር ቡና የለም። አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቀኑን ይገፋሉ። ይህን የመሰለ ጥላ ለወንበር ይባክናል አልኩ። ዳና ሳቀች። አባቷም በየዓመቱ እንዲሁ ይል ነበር አለች።

ዳናን ልንገርሽ። ነርስ ናት። ቁመቷ ያንቺ ነው። አማርኛ የተማረችው ከአባቷ አፍ ብቻ ነው፤ በዚያ ከተማ ሌላ የሚያናግራት አልነበረም። እሱ ደግሞ አባት ሴት ልጁን እንደሚያናግር ነው ያናገራት። ስለዚህ ቋንቋው በሙሉ እንደዚያ ይመስላታል። አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብላኝ፣ እኔን፣ ሰባ አምስት ያለፈኝን ሰው፣ "አንቺ ደክሞሻል፤ ነይ፣ ቁጭ በይ" አለችኝ። እርስዎ የሚባል ቃል መኖሩን አታውቅም። ላርማት አልኩና ሻንጣዬን ይዤ ተከተልኳት። ቤቷ ስንደርስ ደግሞ፣ "የኔ ቆንጆ፣ ቀስ ብለሽ ውጪ" እያለች ደረጃውን ደግፋ አወጣችኝ። የልጃችን ድምፅ በእሷ አፍ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። እኔ እንደዚያ አድርጌ ተናግሬው አላውቅም። ከማን ተማረው ብዬ ሳስብ፣ ካንቺ ነው።

ደረጃው ላይ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ፊቴን አየችና "ጉርሜሳ" ብላ አለቀሰች። ስሜን ማን ነገራት ብዬ ጠየቅሁ። "አንቺን አይደለም፤ አባዬን ነው" አለች ዳና። በዚያ አገር ሰውን የሚጠሩት በቤተሰብ ስሙ ነው። እኛ የአባት ስም የምንለውን እነሱ የባለቤቱ ስም አድርገው ይይዙታል። ታደሰ ብላ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ነበረች። በሥራ ቦታው፣ በሰፈሩ፣ በሱቁ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጉርሜሳ ነበር። ዳናም በወረቀት ላይ ጉርሜሳ ናት።

በማግስቱ መቃብሩ ጋ ወሰደችኝ። ድንጋዩ ላይ በእነሱ ፊደል በትልቁ የተቀረጸው የመጀመሪያው ቃል የእኔ ስም ነው፤ የእሱ በትንሹ ከሥር ነው። ይህን የማውቀው እሷ ስለ ነገረችኝ ነው። ማንም ሳያስተምረኝ ከቡና ጆንያ ላይ ፊደል እየለቀምኩ ማንበብ የቻልኩ ሰው፣ በልጄ መቃብር ፊት መሃይም ሆኜ ቆምኩ። ዳና ጣቷን ድንጋዩ ላይ እያስኬደች አነበበችልኝ፤ አንድም ቃል አልዘለለች። አንቺ ወረቀት በያዝኩ ቁጥር ከፊቴ ተቀምጠሽ አፍ አፌን እያየሽ እንዴት እንደኖርሽ ያን ጊዜ ገባኝ። አላለቀስኩም። ተምሬ እመለሳለሁ ብሎ ሄዶ መቅረቱ ስህተት ነው፤ አሁንም ይህን እላለሁ።

ስንመለስ ወደ ታደሰ ክፍል አስገባችኝ። ግድግዳው ላይ ከፎቶው ጎን በመስታወት ክፈፍ ውስጥ የገባ አንድ ወረቀት ተሰቅሏል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። አባቷ በልብሱ መካከል ያስቀምጠው ነበር፤ ምን ይላል ስትለው፣ ከአያትሽ ነው ከማለት በቀር አልነገራትም። ሲሞት አውጥታ ክፈፍ አሠራችለት። ከአባቷ አገር ያላት ጽሑፍ ይኸው ብቻ ነው።

"አንቺ አንብቢልኝ" አለችኝ።

ያን ደብዳቤ ስጽፍ አጠገቤ ነበርሽ። ምን ጻፍክለት አልሽኝ። ሰላምታ ነው አልኩሽ። የጻፍኩት ይህ ነው፦

"ታደሰ፣ አገርህንና ቤትህን ትተሃል። ከዛሬ ጀምሮ በስሜ አትጠራ። እናትህም በዚህ ተስማምታለች።"

ከዚያ በኋላ የላካቸውን ደብዳቤዎች ከፖስታ ቤት ሳልከፍት መለስኳቸው። አንቺ በየበዓሉ፣ ልጄ ምን ነካው፣ ረሳኝ እያልሽ ስታለቅሺ፣ ዝም ብዬ አየሁሽ። ረስቶኛል እንዳልሽ ሞትሽ። እሱም እናቴ ተስማምታለች እንዳለ ሞተ። በስሜ አትጠራ ያልኩት ልጅ በስሜ ብቻ ሲጠራ ኖሮ በስሜ ተቀበረ፤ የእናንተን የሁለታችሁን ነገር ግን የሚያስተካክል አገር አልተገኘም።

ዳና ቆማ ትጠብቀኛለች። "ሰላምታ ነው" አልኳት። ያችኑ ቃል። "ቆንጆ ነው" አለችና መስታወቱን በእጅጌዋ ወለወለችው።

ዛሬም እዚያው ተሰቅሏል። እሁድ እሁድ ትደውላለች። "አንቺ፣ በላሽ ወይ?" ትለኛለች። ስልኩን በዘጋሁ ቁጥር ያ ግድግዳ ይመጣብኛል።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ይህን ወረቀት ይዤ መቃብርሽ ጋ እመጣለሁ። ማንበብ አትችዪም ነበርና እንደ ድሮው ጮክ ብዬ አነብልሻለሁ፤ እንደ ድሮው ግን አልዘልም። በማግስቱ ዳና ስትደውል ለእሷም ደብዳቤው የሚለውን ቃል በቃል እነግራታለሁ። ከግድግዳው ብታወርደው ታውርደው። ከዚያ ወዲያ ባትደውልም የራሴ ሥራ ነው።

ይቅር በዪኝ አልልሽም። መልስ የማይሰጥ ሰው ዘንድ ሄዶ መለመን ይቀላል፤ በሕይወት ሳለሽ ያላደረግሁትን አሁን አላደርገውም። አንድ ነገር ግን እስከምሞት ከአፌ አይጠፋም፤ ለዳናም መጀመሪያ የምነግራት እሱን ነው።

አንቺ አልተስማማሽም። አልጠየቅሁሽም።

ጉርሜሳ፣ የታደሰ አባት